ታትሞ ያለቀው ሦስተኛ ቅጽ፦ የሪች በርሉ ጉዳይ

በጃንዋሪ 2012 ሪች በርሉ የተባለ አሜሪካዊ የኮሚክ ደራሲ፣ ሰዎች ለአንድ ሥራ ገንዘብ በሚያዋጡበት ኪክስታርተር በተባለ ድረ ገጽ ላይ 57,750 ዶላር ጠየቀ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ገንዘቡ ለአዲስ ሥራ አልነበረም። ዘ ኦርደር ኦፍ ዘ ስቲክ የተባለው ኮሚኩ ሦስተኛ ቅጽ የሆነ፣ በ2007 የወጣና ታትሞ ያለቀ መጽሐፍን እንደገና ለማሳተም ነው። የመጽሐፉን ታሪክ ደግሞ ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ሊያነበው ይችል ነበር። ፌብሩዋሪ 21 ዘመቻው ሲዘጋ 1,254,120 ዶላር ተሰብስቧል። ያዋጡት 14,952 ሰዎች ናቸው።

ስለ በርሉ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ይህ ቁጥር ነው። ያስደንቃል፣ አልክድም። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ሰው ለሌሎች በክፍያ የሚጽፍ ፍሪላንሰርም ነበር። ለሌላ የጻፈውና ለራሱ የያዘው ሥራ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ጎን ለጎን ይታያሉ። የትኛው ምን እንዳተረፈለት፣ የትኛውስ ምን እንዳስከፈለው መከታተል ይቻላል። በጽሑፍና በሥዕል ለመኖር ለሚያስብ ሰው ጉዳዩን ዘርዘር አድርጌ ላቅርበው።

በቃል የሚከፈል እንጀራ

በርሉ በክፍያ የሚጽፈው ለጠረጴዛ የሚና ጨዋታዎች ነበር። መጀመሪያ ሙያውን ለማያውቅ ሰው። የጠረጴዛ የሚና ጨዋታ ማለት ጓደኛሞች ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት የትረካ ጨዋታ ነው። አንዱ ታሪኩን ይመራል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ አንዱ ተዋጊ፣ አንዱ ጠንቋይ፣ አንዱ ሌባ ይሆናል። ጀግናው ገደሉን ዘሎ ይሻገር ወይስ ይውደቅ የሚለውን ዳይስ ይወስናል። ከሁሉም የታወቀው በ1974 የወጣው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። የዚህ ጨዋታ ዋና ዕቃው መጽሐፍ ነው። ሕጉ፣ ጭራቁ፣ ከተማው፣ የአማልክቱ ታሪክ ሳይቀር የሚገኘው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ስለዚህ ብዙ ጸሐፊ ይፈልጋል።

ከጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ ቋሚ ሠራተኞች አይደሉም። ኩባንያው ርዕስና የቃላት መጠን ይሰጣል፣ ቀን ይቆርጣል፤ ጸሐፊው ጽፎ ያስረክባል። የተለመደው ክፍያ ለአንድ ቃል ጥቂት የአሜሪካ ሳንቲም ነው። እንበልና በቃል 5 ሳንቲም ቢሆን፣ 20,000 ቃል ያስረከበ ሰው 1,000 ዶላር ያገኛል። ሃያ ሺህ ቃል ቀላል አይደለም። ሕግ ያለበት ጽሑፍ ስለሆነ ቁጥሩ ሁሉ ተፈትሾ መሄድ አለበት። በተለመደው ውል ደግሞ የተጻፈው ነገር ከመጀመሪያው የኩባንያው ንብረት ነው። መጽሐፉ አሥር ጊዜ ቢታተም ጸሐፊው ሌላ ሳንቲም አያይም።

የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ባለቤት የሆነው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለ ኩባንያ አዲስ የጨዋታ ዓለም፣ ማለትም ታሪኩ የሚካሄድበት ምናባዊ አገር፣ ፈልጎ በ2002 ለሁሉም ክፍት የሆነ ውድድር አወጣ። በአንድ ገጽ ሐሳባችሁን ላኩ አለ። ወደ 11,000 የሚጠጋ ሐሳብ ገባ። ከዚያ ውስጥ 11 ተመርጠው ሐሳባቸውን በአሥር ገጽ እንዲያሰፉ ተጠየቁ። በመጨረሻ ሦስት ቀሩ። በርሉ ከሦስቱ አንዱ ነበር። ሦስቱም ዓለማቸውን መጽሐፍ በሚያህል ሰነድ ጽፈው አስረከቡ። ያሸነፈው ኪት ቤከር ነው፤ የእሱ ኤበሮን በ2004 ታትሞ ወጣ።

የበርሉ ዓለምስ የት ደረሰ? ለመጨረሻው ዙር የበቁት ለድካማቸው ተከፍሏቸዋል። በምትኩ የሥራው ባለቤትነት ወደ ኩባንያው አልፏል። ስለዚህ በርሉ ያንን ዓለም በራሱ ስም ማሳተም አይችልም። ከ11,000 ሐሳብ መካከል ለመጨረሻው ሦስት የበቃ ሥራ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ስለ ፍሪላንስ ውል ሳስብ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። ማንም አላጭበረበረውም። ክፍያው ተከፍሏል። የሚያመውም እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ተፈጽሞ እንኳ በጸሐፊው እጅ የቀረ ነገር የለም።

ከዚያ በኋላም ለኩባንያው ጽፏል። በ2005 የወጣው ኤክስፕሎረርስ ሃንድቡክ ሦስት ጸሐፊዎች አሉት፤ አንዱ እሱ ነው። መጽሐፉ የኤበሮን መጽሐፍ ነው። የእሱን አሸንፎ ስለወጣው ዓለም መጻፉ ነው። እኔ ይህን እንደ ውርደት አላየውም። ፍሪላንሰር የሚኖረው እንዲህ ነው፤ የመጣውን ሥራ በደንብ ሠርቶ ያስረክባል። በ2007 ደግሞ ከጄሰን ቡልማን ጋር ዳንጀንስኬፕ የተባለውን ሌላ መጽሐፍ ጻፈ። በሁለቱም ሽፋን ላይ ስሙ አለ። ከስሙ ያለፈ ድርሻ ግን የለውም።

የመስመር ሰዎች

ኮሚኩ የተጀመረው በሴፕቴምበር 2003 ነው። በርሉ ስለ ጨዋታው የሚጽፋቸውን ጽሑፎች የሚያወጣበት የራሱ ድረ ገጽ ነበረው። ኮሚኩ የታሰበው ሰው ወደዚያ እንዲመጣ ለመሳብ ነው። የመጀመሪያው ክፍል የሚቀልደው በዚያው ዓመት በወጣው የጨዋታው ሕግ ማሻሻያ ላይ ነው። ገጸ ባሕርያቱ በውጊያ መሀል ሕጉ ይቀየርባቸዋል። ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይስቃል።

ሥዕሉ ክብ ጭንቅላትና የመስመር እጅና እግር ነው። በኮምፒውተር፣ በአዶቤ ኢለስትሬተር የተሠራ። ብዙ ሰው አንድ ገጽ አይቶ ንቆት ያልፋል። እኔ ግን የዚህ ጉዳይ አንዱ ቁልፍ እዚህ አለ ባይ ነኝ። አንድ ሰው ያለ ረዳት ለዓመታት ሊቀጥልበት የሚችል ሥዕል ነው። ጥላ የሚያጠላ፣ ቀለም የሚቀባ ሌላ ሰው አይፈልግም። የተረፈው ጉልበት ለታሪኩ ይውላል። ታሪኩም አደገ። በሕግ ላይ ይቀልድ የነበረው ነገር ስድስት ጀግኖች ዛይከን ከተባለ ሞቶ ከማይሞት ጠንቋይ ጋር የሚፋለሙበት ረጅም ትረካ ሆነ። ተዋጊው ሮይ አባቱ ሳይፈጽመው የሞተውን መሐላ የወረሰ ሰው ነው። አዝማሪው ኤላን ሞኝ ይመስላል፤ ታሪክ በምን መንገድ እንደሚሄድ ግን ከሁሉም በላይ የሚገባው እሱ ነው። ዛሬ ኮሚኩ ከ1,200 ክፍል በላይ አለው። ያን ሁሉ የመስመር ሰው እያየሁ የተጨነቅኩባቸው ገጾች አሉ። ያለ ትልቅ የሥዕል ጥበብ ሰውን እንዲህ ማስጨነቅ ራሱ ትልቅ ችሎታ ነው።

ክፍሎቹ የሚነበቡት በነፃ ነው። ከ2005 ጀምሮ በርሉ እየሰበሰበ በራሱ አሳታሚነት በመጽሐፍ ያወጣቸው ጀመር። መጽሐፉ ላይ ኢንተርኔት ውስጥ የሌሉ ገጾችና የደራሲው ማስታወሻዎች ይጨመራሉ። ከዋናው ታሪክ በፊት የሆነውን የሚተርኩ፣ መጀመሪያ በወረቀት ብቻ የወጡ ቅጾችም አሉ። ሰው በነፃ ያነበበውን ለምን ይገዛል? ስለወደደው ነው። መደርደሪያው ላይ ሊያየው፣ ለወንድሙ ሊያውሰው፣ መብራት ሲጠፋ ሊያነበው ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያነሳውን አንድ ነገር ልጨምር። ከ2005 እስከ 2007 በርሉ ድራገን በተባለው የጨዋታው መጽሔት ላይም እነዚሁን ገጸ ባሕርያት ይሥል ነበር። በ2007 የመጽሔቱ የወረቀት እትም ቆመ። የእሱ ገጽም አብሮ ቆመ፤ በእሱ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን እነዚያ ገጾች አልጠፉም። በ2011 ራሱ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ተሰብስበው ወጡ። ከ2002ቱ ዓለም ጋር አስተያዩት። ሁለቱም ለሌላ የተሠሩ ሥራዎች ናቸው፣ ሁለቱም ተከፍሎባቸዋል። አንዱ ዳግም የሚታተም ሆነ፤ ሌላው አልሆነም። ልዩነቱ ያለው ውሉ ላይ ነው።

የማለቅ ጣጣ

በራሱ የሚያሳትም ሰው መጽሐፉ ሲሸጥለት ደስ ይለዋል። ተሸጦ ሲያልቅበት ግን ሌላ ጣጣ ይጀምራል።

ለኦፍሴት ኅትመት ማሽኑን ለማዘጋጀት የሚወጣው ወጪ አንድ ሺህም ይታተም አምስት ሺህ ያው ነው። የአንዱ ቅጂ ዋጋ የሚወርደው ብዙ ሲታተም ነው። ገንዘቡ የሚከፈለው ቀድሞ ነው፤ መጽሐፉ የሚሸጠው ግን በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ነው። አዲስ መጽሐፍ ከሆነ የሚጠብቀው አንባቢ ስላለ ወጪው ቶሎ ይመለሳል። ዳግም እትም ሲሆን ነባሩ አንባቢ ቀድሞ ገዝቶታል። የቀረው ገና የሚመጣው አንባቢ ነው፤ እሱ ደግሞ ስንት እንደሆነ አይታወቅም። እጁ ላይ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ያለው ሰው የቱን ያሳትማል? አዲሱን ነው። አሮጌው እንዳለቀ ይቀራል።

ለተከታታይ ታሪክ ይህ ከባድ ነው። በርሉ ዳግም ሊያሳትመው የፈለገው ዋር ኤንድ ኤክስፒስ የዋናው ታሪክ ሦስተኛ ቅጽ ነው። አንድ ትልቅ ከተማ በጠላት ጦር የሚከበብበት፣ ታሪኩ ከቀልድ አልፎ የሚከብድበት ቅጽ እሱ ነው። ሦስተኛው በሌለበት አራተኛውን የሚገዛ አዲስ አንባቢ ብዙ አይገኝም። መጽሐፍ ሻጩም መሀሉ የጎደለ ተከታታይ ማቆየት አይፈልግም። የአንዱ ማለቅ የሌሎቹንም ሽያጭ ይዞ ይወርዳል። ያገለገለው ቅጂ ዋጋው ሲሰቀል ትርፉ የሻጩ እንጂ የደራሲው አይደለም። አዲስ አበባ ላይ በራሱ ወጪ ላሳተመ ደራሲ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። መጽሐፉ አሮጌ ተራ ላይ ከመጀመሪያ ዋጋው በላይ ሲሸጥ እያየ፣ ለሁለተኛ እትም የሚሆን ገንዘብ አጥቶ የተቀመጠ ስንት ሰው አለ።

ሌሎች መንገዶች ነበሩ። ለትልቅ አሳታሚ መስጠት ይቻላል፤ ያኔ ገቢውንም ውሳኔውንም ማካፈል ይመጣል። ሲታዘዝ አንድ አንድ ቅጂ የሚያትሙ አሉ፤ ባለቀለም መጽሐፍ ሲሆን ግን የአንዱ ቅጂ ወጪ ይወደዳል። ብድርም አለ፤ አንባቢው ባይመጣ ዕዳው የደራሲው ነው። በ2009 የተከፈተው ኪክስታርተር ደግሞ ሕጉ ግልጽ ነው፤ ግቡ ካልሞላ ከማንም ገንዘብ አይወሰድም። ይህ የበርሉን ጥያቄ በቀጥታ ይመልሳል። ሊገዛ የተዘጋጀው አንባቢ ብዛት ወረቀት ከመገዛቱ በፊት ይታወቃል።

ግቡ ከሞላ በኋላ

57,750ው ቶሎ ሞላ። ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው ዘመቻውን የለወጠው። ይህን ያህል ከደረሰ ሌላውን ያለቀ ቅጽ አሳትማለሁ አለ። ያም ሞላ። ቀጥሎ ሌላ ቅጽ፣ ቀጥሎ ሌላ። በዚህ መንገድ ያለቁት መጻሕፍት ሁሉ ወደ ማተሚያ ቤት የሚመለሱበት ገንዘብ ተገኘ። መዋጮው ሲቀጥል አዳዲስ ታሪኮች በዲጂታል ለመስጠት ቃል ገባ። የገጸ ባሕርያቱ ማግኔትም ከስጦታዎቹ አንዱ ነበር። አንባቢው በየቀኑ ተመልሶ ቁጥሩን ያይ ነበር፤ ቀጥሎ ምን ይመጣል እያለ። ለዓመታት ሰውን በታሪክ ሲያንጠለጥል የኖረ ደራሲ ዘመቻውንም በዚያው ችሎታ መራው።

ገንዘቡን ጠጋ ብለን እንየው። ጠቅላላው ለ14,952 ሰው ሲካፈል በአማካይ ወደ 84 ዶላር ይመጣል። ጥቂት ቅጾችን የሚገዛ ሰው የሚያወጣው ዓይነት ገንዘብ ነው። ስለዚህ እኔ ይህን እንደ ልገሳ አላየውም፤ ቀድሞ የተከፈለ የመጽሐፍ ግዢ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ልገሳ ቢሆን ገንዘቡ የደራሲው ነበር። ግዢ ሲሆን ወረቀት፣ ቀለም፣ ካርቶን፣ ፖስታ ከኋላው አለ። ኪክስታርተር 5 በመቶ ይወስዳል። የ1,254,120 ዶላር 5 በመቶ 62,706 ዶላር ነው። የድርጅቱ ድርሻ ብቻውን መጀመሪያ ከተጠየቀው ጠቅላላ ገንዘብ ይበልጣል! የክፍያ ማስተላለፊያ፣ ማተሚያ ቤት፣ መላኪያና ግብር ገና አልተነሱም። መጽሐፍ ደግሞ ከባድ ዕቃ ነው፤ ባሕር ሲሻገር ፖስታው ይበዛል። በአንድ ወር ሚሊየነር ሆነ የሚለው ወሬ እነዚህን ሁሉ ይዘላል።

አንድ እጅ

በሴፕቴምበር 2012 በርሉ እጁ ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። መሣል አልቻለም። ኮሚኩ ለወራት ቆመ። ተተክቶ የሚሥል ሰው አልነበረም፤ ሥራው ሁሉ የእሱ ነውና።

የገባቸውን ቃሎች ከዚህ ጉዳት ጋር አብረን ስናይ በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹን ማተሚያ ቤት ይሠራቸዋል። የቀድሞ ቅጽ ዳግም ሲታተም ፋይሉ አለ፤ ሺህም ይሁን አሥር ሺህ ደራሲው ላይ የሚጨምረው ሥራ ትንሽ ነው። ማግኔቱም እንዲሁ ነው፣ ፋብሪካ ያመርተዋል። ሌሎቹን ግን የእሱ እጅ ብቻ ነው የሚሠራቸው። አዲስ ታሪክ መታሰብ፣ መጻፍ፣ መሣል፣ መቀባት አለበት። ገንዘብ ስለበዛ አይፋጠንም። ዋናው ኮሚክም የሚጠብቀው ያንኑ እጅ ነው። ቃል ከተገቡት ታሪኮች አንዳንዶቹ ለመውጣት ዓመታት ፈጁ።

በእኔ እምነት የዚህ ጉዳይ ዋና ትምህርት ያለው በመጀመሪያው ቀን ስኬት ውስጥ አይደለም። በዘመቻው መጨረሻ ሳምንታት ውስጥ ነው። ገንዘብ እየጎረፈ፣ አንባቢ እየጮኸ፣ ሌላ ምን ልስጣችሁ ማለት በጣም ይቀላል። በዚያ ሰዓት የሚገባ ቃል እያንዳንዱ ለወደፊት የተፈረመ የሥራ ቀን ነው። በርሉ በዚህ ላይ ስግብግብ አልነበረም። አንባቢውን መካስ ነው የፈለገው። ግን ልግስናውም የሚከፈለው ከዚያው እጅ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ ዘመቻ የሚያስብ ሰው ቢያማክረኝ፣ ከግቡ በላይ ለሚመጣው ገንዘብ የሚሰጠው ነገር ማተሚያ ቤት የሚሠራው ይሁን እለዋለሁ። የተሻለ ወረቀት፣ ጠንካራ ሽፋን፣ ሌላ ያለቀ ቅጽ። አዲስ ሥዕል ከሆነ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት፤ እሱም ከዘመቻው በፊት ተጀምሮ ቢሆን ይመረጣል።

ለእኛ አገር ሰው የሚሆነው የትኛው ነው? ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖር ሰው በኪክስታርተር ዘመቻ መክፈት አይችልም፤ አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ወገኖች ይችላሉ። ስለዚህ መሣሪያውን እንዳለ መቅዳት ለብዙዎቻችን አይሆንም። ቅድሚያ ከፍሎ መጽሐፍ ማዘዝ ግን በማንኛውም መንገድ ሊደረግ ይችላል፤ በባንክም በቴሌብርም። የሚከብደው ሌላው ነው። ቀድሞ ከፍሎ የሚጠብቅ አንባቢ የሚገኘው ለዓመታት ሳይቋረጥ በቀረበ ሥራ ነው። በርሉ 57,750 ዶላር ሲጠይቅ ኮሚኩ ከስምንት ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

ከዘመቻው ስጦታዎች አንዱ ከኮሚኩ ገጸ ባሕርያት መካከል ኦ-ቾል ስለተባለው ተዋጊ የሚተርክ ረዘም ያለ ታሪክ ነበር። መጀመሪያ የደረሰው በዲጂታል፣ ገንዘብ ላዋጡት ሰዎች ነው። በኋላ ግን በርሉ ከሌሎች ታሪኮች ጋር አድርጎ በወረቀት አሳተመው። በ2012 በዘመቻው ያልነበረ ሰውም ገዝቶ አነበበው። ለዚያ ኅትመት ፈቃድ የሚጠየቅ ኩባንያ አልነበረም።